ትክል ድንጋይ መንገድ ላይ የምትቆመው መኪና

ልጅ ሳለሁ ከሁሉ በላይ የማፍረው በአባቴ መኪና ነበር።

መኪና ስላችሁ እንደ ሰው መኪና አትቁጠሯት። ጣሪያ የላትም፣ በር የላትም። ከውሃ ቱቦና ከቆርቆሮ ተበይዳ የተሠራች፣ ከመቀመጫዋ ኋላ የሞተር ሳይክል ሞተር የተገጠመላት፣ ከፍታዋ ከሰው ወገብ የማይደርስ የእሽቅድድም መኪና ነበረች። አራት ሰው አራት ማዕዘኗን ይዞ እንደ ቃሬዛ ብድግ ያደርጋታል። በእኛ ሰፈር እሷን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። የሚያውቋት ግን ስትሮጥ አይደለም፤ ተበላሽታ በፒካፕ ተጭና ስትመለስ ነው።

አባቴ አስማረ የጎንደር ሆስፒታል ጋራዥ ኃላፊ ነበር። ሙያውን የቀሰመው በወጣትነቱ አሥመራ ነው። እዚያ እሑድ እሑድ ጣሊያኖቹ መንገድ ዘግተው መኪና ሲያሽቀዳድሙ ያይ ነበር። ልቡ የወደቀው ግን በትልልቆቹ ላይ ሳይሆን በትንንሾቹ ላይ ነው፤ የሞተር ሳይክል ሞተር ተሸክመው እንደ ንብ እየጮሁ ኩርባውን በሚበሩት ላይ። ወደ ጎንደር ሲመለስ በጆንያ የተጠቀለለ አንድ የሞተር ሳይክል ሞተር ይዞ መጣ። እናቴን ሲያገባም ያ ጆንያ አልጋው ሥር ነበር። እናቴ ቤት ስትጠርግ በመጥረጊያዋ እየነካችው "ይሄ ጎረቤታችን ዛሬም አለ" ትል ነበር።

ጥር 1970 ላይ አባቴ ጆንያውን ፈታው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ምክንያቱን እንዲህ ነው የሰማሁት። በሚያዝያ የላብ አደሩ ቀን ሲከበር ከፀዳ እስከ ፒያሳ ውድድር ይደረጋል፤ ብስክሌትም ሞተር ሳይክልም ይሮጣል፤ አባቴ ደግሞ በሠራተኛ እጅ የተሠራች መኪና ይዞ ይቀርባል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ሀብተሥላሴ ሐሳቡን ወደደው። በስብሰባ ላይ "ኢምፔሪያሊስቶቹ የሚሠሩትን እኛም እንሠራዋለን" ብሎ ሲናገር ሰው አጨበጨበ፤ እኔም ከእናቴ ጎን ቆሜ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። መኪናዋ የቤንዚን ኩፖን ተፈቀደላት። ከኬላ ውጭ ወጥታ እንድትሞከርም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠን።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ በሽተኛ ነበረን። የእናቴ ታናሽ ወንድም ክንዱ የጤና ኮሌጁ ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ደብተር ሳይይዝ መጣና ከጓዳው ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ገባ፤ ገብቶም ቀረ። እናቴ እቴነሽ ነርስ ናት። "ክንዱን የሳንባ በሽታ ይዞታል" አለችኝ። "ለሰው ከተናገርሽ ወስደው ከሌሎች በሽተኞች ጋር ይዘጉበታል።"

አመንኳት። ምግቡን በሩ ሥር የማኖር ሥራ የእኔ ሆነ። በሽታው እንዳይተላለፍብኝ ትንፋሼን ውጬ እሄዳለሁ፣ ሳህኑን አስቀምጬ እሮጣለሁ። ክንዱ አንዳንዴ በበሩ ስንጥቅ "ጽጌ፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ይለኛል። ለመመለስ መተንፈስ ስለሚያስፈልግ አልመልስለትም።

ክንዱ አንድ ቀን እንኳ ሲያስል አለመስማቴን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

መኪናዋ ስታልቅ አባቴ ለሙከራ የመረጠው የትክል ድንጋይን መንገድ ነበር። በአዘዞ በኩል አስፋልት አለ፤ እሱ ግን "እዚያ የወታደር መኪና ይበዛል፤ ደግሞም ሞተር የሚፈተነው ጥርጊያ ላይ ነው" አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ መሪውን ይዞ፣ እኔ ከጎኑ በተበየደችልኝ ትንሽ ወንበር ተኮራምቼ እንወጣለን። "ክብደትሽ ያስፈልገኛል፤ ኩርባ ላይ ሚዛን ትጠብቂልኛለሽ" ይለኛል። እኔም ኮራሁ። ልጅ የተሳፈረባትን መኪና ጠባቂ አጥብቆ እንደማይፈትሽ ያኔ ማን ይነግረኛል?

ሞተሩ ከጀርባዬ ነው። ጩኸቱ በጆሮ ሳይሆን በጥርስ የሚሰማ ዓይነት ነበር። የጋለ ዘይት ይሸታል፤ አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ይጋገራል። መንገድ ዳር ያሉ አህዮች ጭነታቸውን ይዘው ይበረግጋሉ፤ ባለቤቶቻቸው ይሰድቡናል፤ አባቴ እጁን እያነሣ ይቅርታ ይጠይቃል። ፊቱን ስመለከተው በቤት ውስጥ የማላውቀው ፊት ነበር። ሞተሩን በማርሽ ሲያፈራርቀው ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ከከተማው ወጥተን ሽቅብ ስንል ጋራው አናት ላይ ገመድ የተወጠረበት ኬላ አለ። እዚያ የሚቆሙት አያ ውዱ የሚባሉ ሽማግሌ ሚሊሻ ነበሩ። የአርማጭሆ ገበሬ ናቸው፤ ጠመንጃቸውን እንደ ዱላ በሁለት ትከሻቸው አጋድመው እጃቸውን ይሰቅሉበታል።

"አያ ውዱ፣ እንዴት አደሩ?" ይላል አባቴ።

"ሸጋ ነን። ዛሬስ ትደርሳለች?"

"ትደርሳለች እንጂ።"

"እንጃ። ጩኸቷስ ሸጋ ነበር። ምነው ግን መንገዷን ሳትጨርስ ትሞታለች?"

ገመዱን ያላሉታል፤ እናልፋለን።

ከኬላው በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ትንሽ ሜዳ ያገኛል። ሜዳውን አልፎ፣ ከኩርባው ጀርባ፣ ድሮ የመንገድ ሠራተኞች ያድሩበት የነበረ ጣሪያው የፈረሰ ቤት አለ። ሁልጊዜ እዚያ ስንደርስ ሞተሩ ይንተፋተፍና ጸጥ ይላል። አባቴ ይወርዳል። ካንዴላውን ፈትቶ እፍ ይልበታል፣ በሸሚዙ ጠርዝ ይጠርገዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል።

"ምን ሆነ አባባ?"

"ጋለ። ሞተር ሳይክል ላይ ሳለ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ እዚህ ግን ከኋላችን ታፍኗል። ደግሞ ሁለት ጎማ እንዲጎትት የተሠራውን አራት አስጎተትኩት።"

ይህን በቃሌ ያዝኩት። የሚጠይቀኝ ሲገኝ እንደ መልመጃ እደግመዋለሁ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተመለስን የጋራዡ ሾፌር ጋሽ ምናለ ፒካፑን ይዞ ይመጣል። መኪናዋን ብድግ የሚያደርጉለትን ሦስት አራት ጎረምሶች ከኋላ ጭኖ ነው የሚመጣው። ቱታ ለብሰዋል፤ የቱታው እጅጌ አንዳንዱን ይረዝመዋል፣ አንዳንዱን ያጥረዋል። መኪናዋን አንሥተው ይጭኗታል። ሲጨርሱ ጋሽ ምናለ ጮክ ብሎ "በሉ እንግዲህ ቦታ የለም፤ በእግራችሁ ተመለሱ" ይላቸዋል። ማንም አያጉረመርምም። እኔ ጋቢና ተቀምጬ በመስተዋቱ ሳያቸው ወደ ፈረሰው ቤት ጥላ ይሄዳሉ። ሊያርፉ ነው እላለሁ። በአባቴ መጥፎ ሞተር የተነሣ ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ሊወጡ ነው ብዬ አዝንላቸዋለሁ።

አንዳቸውንም ሁለተኛ አይቼ አላውቅም። በየሳምንቱ ሌሎች ነበሩ። ይህም አልገረመኝም፤ አንድ ጊዜ የደከመበት ሰው ሁለተኛ እንደማይመጣ አድርጌ ወሰድኩት።

ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይጠብቃቸው እንደነበር፣ ያ ሰው በቆላው እያሳለፈ ወደ ሱዳን ጠረፍ እንደሚያደርሳቸው የሰማሁት ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። ሞተሩም አልጋለም ነበር። ከአባቴ መቀመጫ ሥር ቤንዚኑን የሚዘጋ ትንሽ ቁልፍ ነበረች፤ ቤቱ ሲቃረብ እጁን ሰዶ ይዘጋታል። ሞተሩ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ጠጥቶ ዝም ይላል።

በትምህርት ቤት ልጆቹ "ጽጌ፣ አባትሽ ዛሬም በቃሬዛ መጡ?" ይሉኛል። የሚስቁት በክፋት አልነበረም። በዚያ ዓመት ጎንደር ውስጥ የሚያስቅ ነገር ጥቂት ስለነበር የአባቴ መኪና ለብዙ ሰው ጠቅማለች። አዋቂዎቹም ይስቃሉ። የቀበሌው ዘበኞች ሳይቀሩ ፒካፑ ሲያልፍ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ሰው በሳቀ ቁጥር አባቴ ደስ የሚለው ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ሞተሩን ሲወለውል ቀርቤ "አባባ፣ ለምን ሌላ ሞተር አታደርግላትም?" አልኩት።

"ሌላ የለኝም።"

"ይሄ እኮ መጥፎ ነው። ሁሉም ሰው መጥፎ ነው ይላል።"

ጨርቁን በሞተሩ ክንፎች መካከል ከተተና ቀስ አድርጎ አወጣው። "አዎ" አለ፤ "መጥፎ ነው።"

በመጋቢት መጨረሻ ጓድ ሀብተሥላሴ ሁለት የታጠቁ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ግቢያችን ገባ። እናቴ ወንበር አወጣችለት፤ አልተቀመጠም። መኪናዋን ዞራት፣ በጫማው ጫፍ ጎማዋን መታ መታ አደረገ።

"ጓድ አስማረ፣ ይህች መኪና ለምንድን ነው የትክል ድንጋይ መንገድ ላይ ብቻ የምትሞተው?"

"ዳገቱ ነው ጓድ። ሲወርድም ያው ሞተሩ ግሎ ነው የሚወርደው።"

"አዘዞም ዳገት አለው።"

 እኔ መልሱን ስለማውቅ ከአባቴ ቀድሜ "ሁለት ጎማ እንዲጎትት የተሠራ ስለሆነ ነው" አልኩ። ጓድ ሀብተሥላሴ ፈገግ ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። እጁ ከብዶኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

"ሰኞ ከጦሩ አንድ ባለሙያ ይመጣል" አለ ለአባቴ። "ሞተሩን ፈትቶ ያየዋል። መጥፎ ከሆነ፣ መጥፎ ነው። ደኅና ሆኖ ከተገኘ ግን እንነጋገራለን።"

እኔ ተደሰትኩ። ባለሙያ መጥቶ ሊሠራልን ነው። ማታ እራት ላይ ይህንኑ ደጋግሜ አወራሁ። የእናቴ እጅ እንጀራው ላይ ቆሞ ቀረ። 

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ የሞተሩን ዘይት በቆርቆሮ አንጠፈጠፈው። ጥቁር ነበር፤ ሲወርድ ደግሞ በፀሐይ ቡናማ ይሆናል። ሁሉም ወርዶ ሲያልቅ ተነሥቶ እጁን ጠረገና በስኒ ለክቶ ጥቂት መልሶ ጨመረ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

"ይበቃል?" አለችው።

"እስከዚያ ይበቃል።"

ዘይት እየቀየረ መስሎኝ ነበር። ሞተሩን እየገደለው ነበር። ባለሙያው ሰኞ ሲመጣ በእርግጥ የሞተ ሞተር ማግኘት ነበረበት፤ የውሸት ብልሽት አንድ ቀን ሙሉ የሚፈታና የሚገጥምን ሰው አያታልልም። ሞተሩ ግን መሞት የነበረበት ከኬላው በኋላ፣ የፈረሰው ቤት አጠገብ ነው። በዚያ ቀን ፒካፑ የሚያመጣው የመጨረሻዎቹን ልጆች ነበርና።

ክንዱ ከክፍሉ ወጣ። ጢሙን ተላጭቷል፤ ቱታ ለብሷል። ፊቱ እንደ ጧፍ ነጥቷል። ብርሃኑ ዓይኑን ወግቶት እጁን ግንባሩ ላይ ጋረደ።

"ተሻለህ?" አልኩት።

"ተሻለኝ። ዛሬ የአባትሽን መኪና ላነሣ እሄዳለሁ።"

"አይተላለፍም?"

"ከእንግዲህ አይተላለፍም" አለና ዝቅ ብሎ ሳመኝ። ለምዶብኝ ትንፋሼን ያዝኩ።

እናቴ አልሸኘችውም። ውስጥ ገብታ የክፍሉን አልጋ ማንሣት ጀመረች።

ያን ቀን የሞተሩ ድምፅ ሌላ ነበር። ቀጥኗል፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ ይሰማል። አባቴ እንደ ወትሮው አላፈራረቀውም፤ ሕመምተኛ እንደሚደግፍ ሰው ዝግ እያለ ያወጣዋል። ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። የተቃጠለ ሽታ መጣ። የመጨረሻውን ኩርባ ዞረን የኬላው ገመድ ከሩቅ ሲታየን ከጀርባዬ አንድ ነገር ተሰበረ መሰለኝ፤ የኋላ ጎማዎቹ መዞር አቁመው መኪናዋ አቧራ ላይ ተንሸራታ ቆመች።

አባቴ አልወረደም። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ የጋለው ሞተር ላይ አሳረፈው፤ እስኪያቃጥለው ድረስ አላነሣውም።

"ዛሬ ቶሎ ተበላሸ" አልኩት።

"አዎ" አለ። "ቶሎ ነው።"

ማርሹን አወጣና እኔን መሪ አስይዞ እስከ ኬላው ገፋት። ያን ቀን ጋሽ ምናለ ዘጠኝ ሰዓትን አልጠበቀም፤ ወዲያው ከኋላችን ደረሰ። ፒካፑ ላይ ክንዱና ሌሎች ሁለት ጎረምሶች ነበሩ። አንደኛው ረጅም ነበር። ስሙ ዳኛው እንደሆነ የዚያን ቀን አላወቅሁም።

አያ ውዱ ሳቁ። "ዛሬስ ደጄ ላይ መጥታ ሞተችልኝ። በሉ ጫኗትና ተመለሱ፤ ከተማው እኮ ቅርብ ነው።"

"አያ ውዱ፣ ትንሽ አሳልፉን" አለ አባቴ። "ቁልቁለቱን ያለ ሞተር ልልቀቃት። ፍሬኗን ሳልሞክር ብመለስ ሊቀ መንበሩ አይቀበለኝም።"

"የሞተች መኪና ምኗ ይሞከራል? ሰው ይስቅብሃል፤ ተመለስ።"

"ይሳቅብኝ።"

"አይሆንም፤ ተመለስ ብያለሁ።"

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ እኔ እያየሁ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን እንዳዘሉ ቆመው እያዩ፣ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ያዘ። "በልጄ ይዤዎታለሁ" አለ። "ስንት ወር የለፋሁባት ናት። አንድ ጊዜ ቁልቁል ልልቀቃት።"

ፊቴን አዞርኩ። ለአንድ ቆርቆሮ ብሎ የሰው ጉልበት የሚይዝ አባት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ከሴቶቹ አንዷ "ውይ፣ አሞታል እንዴ ሰውዬው" ስትል ሰማኋት።

"ኧረ ተው፤ ተነሥ" አሉ አያ ውዱ። "እኔ የማን ልጅ ሆኜ ነው ጉልበቴ የሚያዝ።" ቀና ሲሉ ዓይናቸው ፒካፑ ላይ አረፈ። የክንዱን ነጭ ፊት ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ክንዱም አልሸሸም፤ አያቸው።

"አንተ ልጅ" አሉት፤ "ፀሐይ የለመድህ አትመስልም። ራስህን ሸፍን።"

ከዚያ ገመዱን ራሳቸው ፈቱ።

ያለ ሞተር ስንወርድ ከነፋሱ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ያን ያህል ጸጥ ባለ መኪና ሄጄ አላውቅም። አባቴ ፍሬን አልያዘም፤ የቁልቁለቱ ኩርባዎች ላይ እንኳ አልያዘም። እንድትሮጥለት ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ነበር። ዓይኑ እንባ አዝሎ ሳየው ነፋሱ ነው አልኩ፤ የእኔም ያነባ ነበርና። መኪናዋ ሜዳው ላይ ደረሰች፣ እየቀነሰች ሄደች፣ ቆመች። የፈረሰው ቤት ገና ሩቅ ነበር፤ ከኩርባው ጀርባ።

አባቴ ወርዶ ሊገፋት ሞከረ። ፒካፑ ደረሰና ጋሽ ምናለ በመስኮቱ "አስማረ፣ ተው" አለው። "ከላይ እያዩን ነው።" ዘወር ብዬ ሳይ አያ ውዱና አንድ ሌላ ጠባቂ ጋራው አናት ላይ እንደ ሁለት ችካል ቆመዋል። መኪናዋን ሊጭን የመጣ ፒካፕ መኪናዋ ከቆመችበት አልፎ የሚሄድበት ምክንያት አልነበረውም።

ጫኗት። ጋሽ ምናለ ቦታ የለም ማለቱን ረሳው። ክንዱ ወደ እኔ መጣና "ጽጌ፣ በርቺ እሺ" አለኝ፤ ሌላ ነገር ሊጨምር አስቦ ተወው። ከአባቴ ጋር እጅ ለእጅ እንኳ አልተያያዙም። ሦስቱ ፒካፑን ተከልለው በመንገዱ ግራ በኩል ወደ ገደሉ ወረዱ።

"አባባ፣ ወደ ከተማ እኮ በዚህ አይደለም።"

"አቋራጭ ነው" አለኝ።

ሰኞ ባለሙያው መጣ። ከወታደር ልብሱ ላይ ሽርጥ አስሮ ሞተሩን ግቢያችን መካከል ፈታታው። ጓድ ሀብተሥላሴ አጠገቡ ቆሟል። ባለሙያው በመዶሻ እየመታ ፒስቶኑን ሊያወጣ ሞከረ፤ ፒስቶኑ ከሚመላለስበት ቤት ጋር ተጣብቆ አንድ ብረት ሆኗል።

"ደርቋል" አለ። "ዘይት አጥቶ ደርቋል።"

"ማን አሳጣው?"

"ማንም አይደለም። ሞተር ሳይክል ኩርባ ላይ ሲጋደል ዘይቱ አብሮት ይጋደላል። መኪና አትጋደልም፤ ዘይቱ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ሞተሩ ደረቁን ይዞራል። ባይሆን ኖሮ ነበር የሚገርመኝ። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር መኪና ላይ አይቆይም፤ አያስተማምንም።"

እናቴ ወደ ውስጥ ገባች። ስከተላት ማድጋው አጠገብ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር።

አባቴን የወሰዱት በዚያው ሳምንት ነው። በከተማው ፊት የታወጀው ውድድር ያለ መኪና ሊቀር ነው፣ የሕዝብ ቤንዚን ባክኗል ተባለ። "የሕዝብን ሀብት በማባከን" ብለው ፈረዱበት። በዚያ ዓመት ከሚፈረደው ሁሉ ይህ ትንሹ እንደነበር፣ ጎረቤቶቻችን ለእናቴ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ያሏት ስለዚህ እንደነበር አላወቅሁም። እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ አባቴ የታሰረው መጥፎ ሞተር ስለሠራ ነው።

ወህኒ ቤት ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ ከሌሎች ልጆችና ሴቶች ጋር እንሰለፋለን። ጠባቂው ስም እየጠራ ባዶ ሳህን ይመልሳል። ለአንዳንዱ ሰው ግን ምግቡን እንዳለ፣ ሳይነካ፣ ይመልስለታል። እኔ እነዚያ ልጆች ያስቀኑኝ ነበር። አባታቸው ስላልራበው እነሱ ይበሉታል ብዬ። አንዲት ሴት የተመለሰላትን ሳህን ይዛ መንገዱ ላይ ስትቀመጥ አይቼ፣ ምግብ ተርፏት ለምን እንደምታለቅስ እናቴን ጠየቅኋት። እናቴ እጄን ይዛኝ ሄደች፤ እስከ ቤት አልለቀቀችኝም።

የእኛ ሳህን ሁልጊዜ ባዶውን ተመለሰ።

አባቴ ሲፈታ ረዝሜ ጠበቅሁት። ጋራዡ አልተቀበለውም። በራችን ላይ ተቀምጦ የቡታ ጋዝ ምድጃና የውሃ ቧንቧ ይጠግናል። ሞተር ያለው ነገር ሲያመጡለት "አልችልበትም" ብሎ ይመልሳል። እኔም አልደነቀኝም፤ አለመቻሉን አይቻለሁ። መኪናዋን እናቴ ለቆርቆሮዋ ብላ ሸጣት። ስለ ክንዱ ሲነሣ ሱዳን ነው ይባላል። እናቴ ከሱዳን የመጣን ሰው ሁሉ ትጠይቃለች፤ የሚያውቀው አልተገኘም። ሱዳን ሰፊ ነው ትላለች። እኔ ተምሬ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። ቤታችን ውስጥ ብዙ አይወራም ነበር፤ ለምጄው ስለነበር ሌላው ቤት እንዴት እንደሚኖር አላሰብኩም።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ አንድ ጠዋት ገና ቁርስ ሳንበላ፣ ጋሽ ምናለና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አንድ ረጅም ሰው አስከትለው በራችንን መቱ። እናቴ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ስታይ ገባት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መደብ ላይ ተቀመጠች።

ረጅሙ ሰው ዳኛው ነበር። መተማ በጤና ጣቢያ ይሠራል። የሆነውን ነገረን። ያን ቀን ከገደሉ ወርደው መንገድ መሪያቸውን ሊፈልጉ ሞከሩ፤ መሪው ቤቱ ጋ ጠብቆ ጠብቆ ሲቀሩበት ሄዷል። ያለ መሪ ሁለት ቀን ቆላ ለቆላ ተጓዙ። በሦስተኛው ቀን ወንዝ ሲሻገሩ ሚሊሻዎች አገኟቸው። ሦስተኛው ጓደኛቸው ተያዘ። ክንዱ ተመትቶ ዳኛው ጎትቶ አሻገረው፤ ጠዋት ላይ አረፈ።

እናቴ አላለቀሰችም። "ማን ቀበረው?" አለችው።

"እኔ ነኝ እትዬ።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን። መቆፈሪያ ስላልነበረኝ ድንጋይ ከመርኩበት።"

"ደክሞህ ነበር ይሆናል" አለችው እናቴ።

ዳኛው ያኔ ፊቱን ሸፈነ። በእኛ ቤት ያለቀሰ እሱ ብቻ ነው።

ጎረቤት መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ዳኛው ወደ አባቴ ዞሮ ሌላውን ሁሉ አወራ፤ ስለ ፈረሰው ቤት፣ ስለ ቤንዚኑ ቁልፍ፣ ከዚያ በፊት ስላለፉት ልጆች። ብዙዎቹ በሕይወት እንዳሉ፣ አንዳንዶቹ ልጅ እንደወለዱ ነገረው። ሊያጽናናው ፈልጎ ነበር።

"ጋሼ አስማረ፣ ሰው ሁሉ በዚያ ሞተር ሲስቅ፣ እኛ ግን አንድም ቀን እንዳልተበላሸ እናውቃለን።"

"አንድ ቀን ተበላሽቷል" አለ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ሞተሩ አላነሣም። ሰው መጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ሄደ። እኔ ውሃ አቀርባለሁ፣ ሰሃን አነሣለሁ፣ ስጠራ አቤት እላለሁ። ስለ አባቴ የሰማሁት ነገር ስለ ሌላ ሰው አባት የተወራ ይመስለኝ ነበር። አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ድካም ብቻ ነው የመጣው።

ድንኳኑ በተነሣ ማግሥት ከሥራ ስመለስ አባቴ በራችን ላይ እንደ ወትሮው ተቀምጧል። ጭኑ ላይ የጎረቤት ምድጃ አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ካየሁት በኋላ "አባባ፣ ያን ቀን ዘይቱን ትንሽ ብትጨምርበት አይሻልም ነበር?" አልኩት።

አልተቆጣም፤ አልደነገጠም። ከዚህ ጥያቄ ጋር ብዙ ዓመት እንደኖረ ሰው እጁን አቁሞ መለሰልኝ።

"ብጨምርበት አይሞትም ነበር። ባለሙያው ሲፈታው ደኅና ሆኖ ያገኘዋል፤ ከዚያ እኔንም እናትሽንም፣ ምናለንም ይወስዱናል። ብቀንስበት ደግሞ ቀድሞ ይሞታል፤ እንደሞተውም። መሀሉን ነበር ማወቅ ያለብኝ።" ምድጃውን አገላብጦ አየው። "ሞተር ሳይክል ላይ ቢሆን አውቀው ነበር። በስንት ዘይት የት እንደሚደርስ ልነግርሽ እችላለሁ። መኪና ላይ ግን ሌላ ነው፤ ሸክሙ ሌላ ነው። ገምቼ ነው የጨመርኩት።"

"ማን ያውቀዋል አባባ።"

"እኔ" አለ፤ "ሠሪው እኔ ነኝ።"

ምድጃውን መሬት ላይ አኖረና ክብሪት እንድሰጠው እጁን ዘረጋ።